የውርስ ሕግ አመጣጥ፦ የኦሌ-ዮሃን ዳል ሕይወት እና የክላስ ቫሪያብሎችና ሜተዶች አወራረስ

የኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ መማሪያዎች ስለ ውርስ ሲያስረዱ አንድ የተለመደ ፍቺ ይሰጣሉ፦ ንዑስ ክላስ የወላጅ ክላሱን ቫሪያብሎችና ሜተዶች ይወርሳል። ፍቺው ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱን በአንድ ግስ ስላሰረ አንባቢውን ያዘናጋል። ቫሪያብልና ሜተድ በአንድ ሕግ አይወረሱም። በጃቫ ልጁ ከወላጁ ሜተድ ጋር ስሙና ፓራሜትሮቹ አንድ የሆኑ ሜተድ ቢጽፍ፣ ለልጁ ኦብጀክት የወላጁ ሜተድ ይሻራል። ከወላጁ ቫሪያብል ጋር ስሙ አንድ የሆነ ቫሪያብል ቢያውጅ ግን የወላጁ አይሻርም፤ ሁለቱ በአንድ ኦብጀክት ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የመመረቂያ ሥራውን በዚህ ቋንቋ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ቢቀር ኮምፓይለሩ አይወቅሰውም። ፕሮግራሙም ሳይቋረጥ ይሠራል፤ የሚሳሳተው ቁጥሩ ነው።

ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከደንቡ ይልቅ የደንቡን አመጣጥ መከተል ይቀላል። ስለዚህ ይህ አጭር ጽሑፍ የክላስ ውርስን ከባልደረባቸው ከክሪስቴን ኒጎርድ ጋር የቀረጹትን የኖርዌያዊውን ሊቅ የኦሌ-ዮሃን ዳልን ሕይወት ይተርካል። ምሳሌዎቹ ለደብረ ማርቆስ አንባቢ ቅርብ ከሆኑት ከዓባይ ድልድይ እና ከጎጃም የርስት ሥርዓት የተወሰዱ ናቸው። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማንዳል እስከ ሼለር

ኦሌ-ዮሃን ዳል ኦክቶበር 12 ቀን 1931 በደቡብ ኖርዌይ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በማንዳል ተወለዱ። ቤተ ሰቡ የመርከበኞች ቤተ ሰብ ነበር፤ አባታቸውም የመርከብ አዛዥ ነበሩ። ልጁ ግን ወደ ባሕሩ አላዘነበለም፤ ልቡ ከፒያኖና ከመጻሕፍት ጋር ነበር። በሰባት ዓመታቸው ቤተ ሰቡ ወደ ድራመን ተዛወረ። ኖርዌይ በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት ጊዜ፣ ገና በ13 ዓመታቸው፣ ከመላው ቤተ ሰብ ጋር ወደ ስዊድን ተሰደዱ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተማሩ።

ወደ ኮምፒዩተር ያመጣቸው የውትድርና ግዴታ ነው። በ1952 በኦስሎ አቅራቢያ በሼለር በሚገኘው የኖርዌይ መከላከያ ምርምር ተቋም ተመደቡ። የሒሳብ ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ያን ጋርቪክ ሲሆኑ፣ ወጣቱ ዳል ረዳታቸው ሆነው ሠሩ። በ1957 ተቋሙ ፌራንቲ ሜርኩሪ የተባለ የእንግሊዝ ኮምፒዩተር አስገባ። የማሽኑ ፈጣን ማስታወሻ 1024 ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል 40 ቢት በመሆኑ በዛሬ ልኬት ሲታሰብ 5 ኪሎባይት መሆኑ ነው። ዳል ለዚህ ማሽን በማሽን ቋንቋ ከመጻፍ የሚያድን የፕሮግራም ቋንቋ ነደፉ፤ የማስተርስ ጥናታቸውም በዚሁ ማሽን ላይ የተመሠረተ ነበር። የማስታወሻን እያንዳንዷን ቦታ ቆጥሮ መጠቀም በዚያ ዘመን አማራጭ የሌለው ነገር ነው፤ ይህ ልማድ ኋላ በውርስ ንድፋቸው ውስጥ ተመልሶ ይታያል።

ክሪስቴን ኒጎርድ በዚሁ ተቋም ከ1948 ጀምሮ ይሠሩ ነበር። በጠባያቸው ሁለቱ አይመሳሰሉም። ኒጎርድ ተናጋሪ፣ ተከራካሪና ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ከዓመታት በኋላ ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል እንዳትሆን የተሟገተውን ንቅናቄ መርተዋል፤ ንቅናቄውም በ1994 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ረትቷል። ዳል ዝምተኛ ነበሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ከሙዚቀኞች ጋር ፒያኖ መጫወት ይወዱ ነበር። የፕሮግራም ቋንቋ ታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን አንድ ስም አድርገው ይጠራሉ። ትክክል ነው፤ ግን ሥራው በቁመታቸው ልክ የተከፋፈለ መሆኑን ይሸፍናል፦ ችግሩን ከዓለም ይዘው የመጡት ኒጎርድ ናቸው፣ ችግሩ በማሽን ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ የፈቱት በአመዛኙ ዳል ናቸው።

ከወረፋ የተነሣ ቋንቋ

ኒጎርድ በ1960 ወደ ኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል ተዛወሩ። ሥራቸው ውስብስብ አሠራሮችን በቁጥር አስመስሎ ማጥናት፣ ማለትም ሲሙሌሽን ነበር፤ በፋብሪካ፣ በወደብ፣ በመንገድ ላይ ወረፋ እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚቀልል መመርመር። ይህን ለመግለጽ የሚበቃ ቋንቋ አልነበረም። በ1962 መጀመሪያ ሐሳባቸውን ለዳል አቀረቡ፤ ዳልም በ1963 ወደ ማዕከሉ ተዛውረው አብረው መሥራት ቀጠሉ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ዩኒቫክ 1107 የተባለው ኮምፒዩተር ተተከለ። ሲሙላ አንድ የተባለው ቋንቋ ኮምፓይለር ደግሞ በ1965 መጀመሪያ ተጠናቀቀ።

የተመሠረቱበት ቋንቋ አልጎል 60 ነው። በአልጎል አንድ ብሎክ በውስጡ ቫሪያብሎችንም ፕሮሲጀሮችንም ይይዛል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ከነያዘው ሁሉ ከማስታወሻ ይጠፋል። ብሎኮቹ የሚቀመጡት በሞሰብ እንደተነባበረ እንጀራ ነው፦ ከላይ ያለው ሳይነሣ ከሥር ያለው አይነሣም። ለወረፋ ይህ አይመችም። ወረፋ የያዘ መኪና ከእርሱ በኋላ የመጣው ሳይጠብቀው ሊሄድ ይችላል፤ ቀድሞ የመጣው ለሰዓታት ሊቆም ይችላል። ዳል ይህን መደራረብ ትተው ብሎኮች በየራሳቸው ዕድሜ የሚኖሩበትን የማስታወሻ አደላደል ነደፉ። የተጠራበት ትእዛዝ ካለቀ በኋላም የሚኖር፣ የራሱ ቫሪያብሎችና የራሱ ፕሮሲጀሮች ያሉት ብሎክ ተገኘ። ዛሬ ኦብጀክት የምንለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ቫሪያብልና ሜተድ በአንድ ክላስ ውስጥ አብረው የሚኖሩት አንድ ሰው በፍልስፍና አስቦ ስላጣመራቸው አይደለም፤ ቀድሞውኑ በአልጎል ብሎክ ውስጥ አብረው ስለነበሩ ነው። አብረው ኖሩ ማለት ግን በአንድ ዓይነት ይወረሳሉ ማለት አልነበረም።

ድልድዩና ኬላው

በሴፕቴምበር 1966 በፈረንሳይ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው በቪላር-ደ-ላን ዳል ስለ ሲሙሌሽን ቋንቋዎች ትምህርት ሰጡ። በዚያው የክረምት ትምህርት ቤት እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ስለ መዝገቦች አደላደል አስተማሩ፤ በትምህርታቸው ውስጥ የመዝገብ ክላስና ንዑስ ክላስ የሚል ሐሳብ ነበረ። ሁለቱ ኖርዌያውያን ሐሳቡን ይዘው ተመለሱ፤ እንዳለ ግን ለሥራቸው አልበቃቸውም። የሆር ንዑስ ክላሶች ከወላጁ ጋር በአንድ ቦታ ተዘርዝረው መታወቅ ነበረባቸው፤ እነርሱ የፈለጉት ወላጁ አስቀድሞ ተጽፎ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው በሌላ ጊዜ ልጅ የሚጨምርበትን መንገድ ነው።

መፍትሔው የተገኘው በአንድ ተራ ምሳሌ ላይ ሲሠሩ ነው፦ ቀረጥ የሚከፈልበት ድልድይ፣ በድልድዩም ላይ ወረፋ የያዙ የጭነት መኪናዎች፣ አውቶቡሶችና ሌሎች ተሽከርካሪዎች። ለጎጃም አንባቢ ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አይሻም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን ሸለቆ ወርዶ የወጣ ሁሉ፣ በ2008 በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ የተሻገረ ሁሉ፣ የጭነት መኪና፣ አውቶቡስና የቤት መኪና በአንድ ረድፍ ተጠጋግተው ሲያዘግሙ አይቷል። ዛሬ በድልድዩ ላይ ቀረጥ የለም፤ በጥንት ዘመን ግን ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባሶ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ በኬላ ይከፍል ነበር። እንግዲህ ምሳሌውን ለማሟላት በድልድዩ ራስ ላይ አንድ ኬላ እናቁም።

ጥያቄው ይህ ነው። በወረፋው ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚጋሩት ነገር አለ፤ እያንዳንዳቸው ከፊታቸውና ከኋላቸው ያለውን ያውቃሉ፣ ከረድፉ ሊገቡና ሊወጡ ይችላሉ። የማይጋሩትም አለ፤ አውቶቡሱ የተሳፋሪ ብዛት አለው፣ የጭነት መኪናው የጭነት መጠን አለው። የጋራውን አንድ ጊዜ ጽፎ፣ የየራሱን ለየብቻ እንዴት መጨመር ይቻላል? በ1966 መጨረሻና በ1967 መጀመሪያ የደረሱበት መልስ ቅድመ ቅጥያ የሚባለው ነው። የጋራው ነገር ራሱን ችሎ እንደ ክላስ ይጻፋል፤ አዲሱ ክላስ ሲታወጅ የጋራው ክላስ ስም ከፊቱ ይቀጸላል። በእኛ አገር የልጁ ስም ቀድሞ የአባቱ ይከተላል፤ በሲሙላ ግን አባት ይቀድማል።

በ1967 የጸደይ ወራት ስለ ነበረው ሥራ በማዕከሉ ሲነገር የኖረ አንድ ወሬ አለ። አንድ አዲስ ሠራተኛ ደንግጦ ወደ ስልክ ማዞሪያ ክፍል ገባና ሁለት ሰዎች በጥቁር ሰሌዳ ፊት በኃይል እየተጣሉ መሆኑን ተናገረ። የስልክ ሠራተኛዋ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማችና፣ ዳልና ኒጎርድ ስለ ሲሙላ እየተወያዩ እንጂ ሌላ አለመሆኑን ነግራ አረጋጋችው። ዝምተኛው ሰው ዝም የማይልበት አንድ ቦታ ነበረ ማለት ነው።

በግንቦት 1967 በኦስሎ አቅራቢያ በሊሴቡ በተደረገው የሲሙሌሽን ቋንቋዎች ጉባኤ ክላስንና ንዑስ ክላስን የሚገልጸውን ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ቋንቋውም ሲሙላ 67 ተባለ።

ቫሪያብል ይደረባል፣ ሜተድ ይተካል

ቅድመ ቅጥያ በማሽን ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ሲታይ የዳል እጅ ይለያል። የልጁ ኦብጀክት በማስታወሻ ሲቀመጥ በመጀመሪያ የወላጁ ቫሪያብሎች እንዳሉ ይሰፍራሉ፤ ከዚያ ቀጥለው የልጁ ይጨመራሉ። ስለዚህ ተሽከርካሪን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም የጭነት መኪና ቢሰጠው አይደናገርም፤ የሚፈልጋቸው ቫሪያብሎች በለመደው ቦታ፣ በለመደው ርቀት ላይ ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ ያለውን አያይም፤ ማየትም አያስፈልገውም። ንድፉ አንዲት ባይት አያባክንም፣ የፍለጋ ጊዜም አይጠይቅም። በ5 ኪሎባይት ማሽን ያደገ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ከዚህ አቀማመጥ አንድ ውጤት በግድ ይከተላል። ተሽከርካሪ የተባለው ክላስ ክብደት የሚል ቫሪያብል አለው እንበል፤ በእርሱም ባዶውን ክብደት፣ 10 ቶን፣ ይመዘግባል። የጭነት መኪና የተባለውን ንዑስ ክላስ የጻፈው ሌላ ሰው ደግሞ እርሱም ክብደት የሚል ቫሪያብል አውጆ የተጫነውን ጠቅላላ ክብደት፣ 30 ቶን፣ መዘገበበት። ኦብጀክቱ አሁን ክብደት የተባሉ ሁለት ቦታዎች አሉት። የትኛው ይነበባል? በሲሙላ፣ ከእርሱም በኋላ በሲ ፕላስ ፕላስና በጃቫ፣ መልሱ ኦብጀክቱ በእውነት ምን እንደሆነ ሳይሆን ጠያቂው በየትኛው ክላስ ዓይን እንደሚያየው ይወሰናል። የኬላው ወረፋ እያንዳንዱን እንደ ተሽከርካሪ ስለሚይዝ ክብደት ብሎ ሲጠይቅ 10 ያነባል። ያው ኦብጀክት የጭነት መኪና ተብሎ ሲያዝ 30 ይነበባል። ሲሙላ የአንዱን ዓይን በሌላው ለመለወጥ ራሱን የቻለ ቃል አዘጋጅቶ ነበር፤ በጃቫም ዓይነቱን በቅንፍ ጽፎ መለወጥ ይቻላል።

ይበልጥ የሚያሳስተው ቀጥሎ ያለው ነው። በወላጁ ክላስ ውስጥ የተጻፈ፣ ልጁ ያልነካው አንድ ሜተድ ክብደትን የሚጠቀም ከሆነ፣ በጭነት መኪና ኦብጀክት ላይ ቢጠራም የሚያነበው 10ን ነው። ሜተዱ ተወርሷል፤ የተጻፈውና ከቫሪያብሉ ጋር የተሳሰረው ግን በወላጁ ቤት ነው። ልጁ ኋላ የጨመረውን ክብደት አያውቀውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ተይዞ ሁለት ቀን ሙሉ ስሕተቱን ከስሌቱ ውስጥ ሲፈልግ ቆይቷል፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነበር።

ሜተድ በዚህ ብቻ ቢተዳደር ኖሮ ኬላው ሥራውን መሥራት አይችልም ነበር። ቀረጥ የሚባለው ስሌት ለአውቶቡስ በተሳፋሪ፣ ለጭነት መኪና በጭነት ይሰላል፤ ኬላው ደግሞ የሚያውቀው ተሽከርካሪ የሚለውን ብቻ ነው። ዳልና ኒጎርድ በዚያው በ1967 ቨርቹዋል የሚባለውን ሥርዓት ጨመሩ። ወላጁ ክላስ አንድን ፕሮሲጀር ቨርቹዋል ብሎ ሲያውጅ የራሱን የመጨረሻ ቃልነት ይተዋል፤ ሲጠራ የሚሠራው ኦብጀክቱ በእውነት የሆነው ክላስ ያቀረበው ነው። ወላጁ ምንም ስሌት ሳያቀርብ ስሙን ብቻ ሊያኖርም ይችላል፤ ቦታውን ልጅ እንዲሞላው። በማሽን ውስጥ ይህ በክላሱ አንድ ሠንጠረዥ ይፈጸማል። ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል ስም በሠንጠረዡ አንድ ሰልፍ አለ፤ ልጁ አዲስ ሲያቀርብ በዚያው ሰልፍ የወላጁ አድራሻ ተነሥቶ የልጁ ይገባል።

ቫሪያብልስ ለምን ቨርቹዋል አልሆነም? የአቀማመጡ ጠባይ ይመልሳል። ሜተድ የሚገኝበት አድራሻ ነው፤ አድራሻ ቢለወጥ የጠሪው ሥራ አይናጋም። ቫሪያብል ግን ቦታ ነው። ወላጁ ቁጥር ያኖረበትን ቦታ ልጁ በስም ወይም በሌላ ዓይነት እሴት ቢተካው፣ በቦታው ላይ ተመሥርተው የተጻፉት የወላጁ ሜተዶች ሁሉ ይፈርሳሉ። ስለዚህ ቫሪያብል በቫሪያብል ላይ ይደረባል፤ ሜተድ በሜተድ ይተካል። የመማሪያው ፍቺ በአንድ ግስ ያሰራቸው ሁለት ነገሮች በትውልዳቸው የተለያዩ ናቸው።

ኋላ የመጡ ቋንቋዎች ይህን ውርስ እየመረጡ ተቀበሉ። አለን ኬይ በ1966 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያው ሲሙላ ጋር ተገናኝተዋል፤ እርሳቸው የፀነሱት ስሞልቶክ ጥሪን ሁሉ ቨርቹዋል አደረገ፣ ልጅ የወላጁን ቫሪያብል ስም ዳግመኛ እንዳያውጅም ከለከለ። ብያርነ ስትሮውስትሩፕ በኬምብሪጅ ለጥናታቸው ሲሙላ ይጠቀሙ ነበር፤ ከ1979 ጀምሮ በሠሩት ቋንቋ፣ ዛሬ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው፣ ቨርቹዋል የሚለውን ቃል እንዳለ ወሰዱ፤ ጸሐፊው ቃሉን ካልጻፈ ሜተዱ እንደ ቫሪያብል በጠሪው ዓይን ይታሰራል። በ1995 የወጣው ጃቫ ተራ ሜተዶችን ያለ ምንም ቃል ቨርቹዋል አደረገ፣ ቫሪያብሎችን ግን በሲሙላ ሕግ ተወ። ፓይተን ከሁሉም ተለየ፤ ኦብጀክቱ ቫሪያብሎቹን በስም የሚይዝ መዝገብ ስላለው ክብደት የሚል ስም አንድ ቦታ ብቻ አለው፣ ኋላ የጻፈው የቀደመውን ይሽረዋል። በኬላው ምሳሌ ከፓይተን ወደ ጃቫ የተሻገረ ተማሪ 30 የጠበቀበት ቦታ 10 የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው የስሞልቶክ ክልከላ ነው፤ ሁለት ክብደት ያለው ኦብጀክት ለማንም አይጠቅምም።

ስለ ቫሪያብሎች አንድ ጉድለት ከመጀመሪያውም ነበረ። በ1967ቱ ንድፍ የኦብጀክትን ቫሪያብል ከውጭ ማንም ሊያነብና ሊለውጥ ይችል ነበር። የወላጁን ቫሪያብሎች ከውጭ ሰው አልፎም ከልጅ የሚሰውሩት ቃላት በ1970ዎቹ በስዊድናዊው በያኮብ ፓልሜ ሐሳብ አቅራቢነት ተጨመሩ። ዛሬ ጥበቃ የውርስ መሠረት ተደርጎ ይማራል፤ ውርስ ግን ያለ ጥበቃ ለዓመታት ኖሯል።

አንድ አባት ወይስ ብዙ

ሲሙላ ለአንድ ክላስ አንድ ወላጅ ብቻ ይፈቅዳል። የጎጃም አንባቢ ይህን ሲሰማ ሊገረም ይችላል። አሜሪካዊው የማኅበረ ሰብ አጥኚ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያደረጉትን ጥናት መሠረት አድርገው በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ በዚህ አገር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቃል። ሰው ከወላጆቹ ወደ አያቶቹ፣ ከአያቶቹ ወደ ቅድመ አያቶቹ እየቆጠረ እስከ ዋናው አባት ድረስ ይወጣል፤ በወንድም በሴትም ሐረግ ያገኘው ትውልድ ሁሉ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከዚህ የተነሣ አንድ ሰው ሊጠይቀው የሚችለው መሬት ሊይዘው ከሚችለው እጅግ ይበልጣል፤ በአንዱ ማሳ ላይም ብዙ ሰው ይከራከራል። የትኛው ጥያቄ እንደሚቀድም የሚወስነው ትውልድ ብቻ ሳይሆን ክርክር፣ ሽማግሌና ዳኛ ነበር።

በፕሮግራሚንግ ብዙ ወላጅ መፍቀድ የሚያመጣው ችግር ይኸው ነው። ሁለት ወላጆች በአንድ ስም የተለያየ ሜተድ ቢኖራቸው የማን ይሠራል? ሁለቱም ከአንድ አያት የተወለዱ ከሆኑ የአያቱ ቫሪያብሎች በልጅ ልጁ ውስጥ አንድ ጊዜ ይቀመጡ ወይስ ሁለት ጊዜ? ሲ ፕላስ ፕላስ በ1989 ብዙ ወላጅ ሲፈቅድ ለሁለተኛው ጥያቄ ምርጫውን ለጸሐፊው ተወ። ፓይተን ወላጆችን ሁሉ በአንድ ረድፍ የሚያሰልፍ ቋሚ ደንብ አለው፤ ደንቡ ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል። ጃቫ ከአንድ ክላስ በላይ መውረስን ከለከለ፤ የኦብጀክት ቫሪያብል ሳይሆን ሜተድ የሚያስተላልፉ ኢንተርፌሶችን ግን ከአንድ በላይ መውረስን ፈቀደ። እዚህም ቫሪያብልና ሜተድ ተለያዩ።

ዳል አንድ አባት የመረጡበት ምክንያት በአቀማመጡ ውስጥ ይታያል። የወላጁ ቫሪያብሎች በኦብጀክቱ ራስ ላይ መስፈር አለባቸው፤ ራስ ደግሞ አንድ ነው። የርስቱ ሥርዓት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አከተመ። በኖርዌይ የክላስ ውርስ የተደነገገበት ዓመትም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1967 ነው፤ ከቁጥሩ መመሳሰል በቀር የሚያገናኛቸው የለም።

ከሲሙላ በኋላ

ዳል በ1968 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በአገራቸው በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ናቸው። ትምህርት ክፍሉን ያደራጁት፣ የመጀመሪያዎቹን ትውልዶች ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። በ1972 ከኤድስገር ዳይክስትራና ከቶኒ ሆር ጋር ስትራክቸርድ ፕሮግራሚንግ የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከሆር ጋር የጻፉት ሦስተኛው ክፍል ክላስን ከሲሙሌሽን ጠባብ ጎጆ አውጥቶ ለማንኛውም ፕሮግራም ማደራጃ የሚሆን ሐሳብ አድርጎ አቀረበው። ከስድስት ዓመት በፊት በተራራ ላይ የሰሙትን ሐሳብ ለባለቤቱ አሳድገው መለሱለት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የዳል ጥናት ወደ ሌላ አቅጣጫ አዘነበለ። ፕሮግራም ትክክል መሆኑን በሒሳብ እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል የሚለው ጥያቄ ያዛቸው፤ በ1992 በዚሁ ላይ መጽሐፍ አሳተሙ። ዓለም ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግን በከፍተኛ ድምፅ በሚያወድስበት ዘመን የመሠረቱት ሰው ጠረጴዛቸው ላይ የነበረው ማስረጃ የመጻፍ ሥራ ነበር። በዚህ የተነሣ ስማቸው ከሥራቸው ያነሰ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ ቋንቋዎቻቸውን የሸጡ ሌሎች ይበልጥ ታወቁ።

ክብሩ ዘግይቶ በአንድ ጊዜ መጣ። በ2000 ከኒጎርድ ጋር የኖርዌይን የቅዱስ ኦላቭ ኒሻን ተሸለሙ። የ2001 የቱሪንግ ሽልማት ለሁለቱ በጋራ ተሰጠ፤ የጆን ፎን ኖይማን ሜዳሊያም በ2002 ተከተለ። ዳል በዚያው ዓመት ጁን 29 ቀን በ70 ዓመታቸው አረፉ። ኒጎርድ ከእርሳቸው በኋላ የኖሩት ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ኦገስት 10 ቀን በልብ ድካም ሞቱ።

በ2011 የተመረቀው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ሕንፃ የኦሌ-ዮሃን ዳል ቤት ተብሎ ይጠራል። ክፍሉ ቀድሞ የነበረበት ሕንፃ ደግሞ የክሪስቴን ኒጎርድን ስም ይዟል።